«በላኽማን ዘዴ» ሲባል የላኽማን የሆነው የቱ ነው?

ነገረ ብራና (ክሩን የከፈተ)

ገድል ወይም ድርሳን ከብዙ ቅጂ አስተያይቶ ስለማሳተም በተነሳ ቁጥር «በላኽማን ዘዴ» የምትል ቃል ጣል ትደረጋለች። ሰውየው ማን እንደነበር፣ የትኛውን እሱ እንዳመጣው፣ የትኛው ኋላ እንደተለጠፈበት ግን ተለይቶ አይነገርም። ለመነሻ የሕይወቱን መስመር ላስቀምጥ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ላኽማን የተወለደው በብራውንሽቫይክ ከተማ ማርች 4 ቀን 1793 ነው፤ የሰባኪ ልጅ ነበር። ላይፕሲግ ላይ ከጎትፍሪድ ሄርማን ጥቂት ተምሮ ወደ ጌቲንገን ተሻገረ። እዚያ ከግሪክና ከላቲን ጎን ለጎን የጥንቱን ጀርመንኛ ከቤኔከ ቀሰመ። ናፖሌዎን ከኤልባ ባመለጠበት በ1815 በፈቃዱ ለፕሩሲያ ጦር ዘመተ፤ ፓሪስ ሲገባ ግን ውጊያው አልቆ ነበር። በማግስቱ ዓመት በ1816 የሮማዊውን ባለቅኔ የፕሮፔርቲየስን ግጥሞች አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ስለ ኒቤሉንገን (የጥንት ጀርመን ጀግኖች ግጥም) የመጀመሪያ መልክ የጻፈውን ጥናት አቅርቦ በርሊን የማስተማር ፈቃድ አገኘ።

ከዚያ ኬኒግስበርግ። መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከ1818 ጀምሮ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ተባባሪ ፕሮፌሰር። በ1824 ፈቃድ ወስዶ የጥንት ጀርመንኛ ቅጂዎችን ፍለጋ በቤተ መጻሕፍት ዞረ። በ1825 በርሊን ገባ፤ በ1827 ሙሉ ፕሮፌሰር፣ በ1830 የበርሊን አካዳሚ አባል ሆነ። እግሩ ታሞ ከተቆረጠ በኋላ ማርች 13 ቀን 1851 ሞተ። 58 ዓመት ከ9 ቀን ኖረ ማለት ነው።

ሥራው ሦስት አገር የሚያካልል ነው። በላቲን ባለቅኔዎቹ ካቱሉስና ቲቡሉስ (ሁለቱም 1829)፣ ሉክሬቲየስ (1850)። በጥንት ጀርመንኛ ኒቤሉንገን (1826)፣ ቫልተር ፎን ዴር ፎገልቫይደ (1827)፣ ቮልፍራም ፎን ኤሸንባኽ (1833)። በግሪክ ደግሞ ሐዲስ ኪዳን (1831፣ ሰፋ ያለው ከ1842 እስከ 1850)። በዚህ ላይ የሮማውያን መሬት ለኪዎችን ጽሑፎችና የሌሲንግን ሙሉ ሥራዎች ጨምሩበት። የቅርብ ዘመን የጀርመን ደራሲ እንደ ጥንት ሰው አስተያይቶ ማሳተም ያን ጊዜ የተለመደ ነገር አልነበረም።

ሰባት ቅጠል

መግቢያው መልካም ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ስሕተት ይነቀል፦ ላኽማን የቅጂዎችን የዘር ሐረግ (ስቴማ የሚባለውን ሥዕል) አንድም ቀን አልሳለም። በየመማሪያው ስሙ ከሥዕሉ ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ሰው እሱ የፈለሰፈው ይመስለዋል።

ሥዕሉ የመጣው እንዲህ ነው። በ1827 ሽሊተር የተባለ ስዊድናዊ የአገሩን ጥንታዊ ሕግ ሲያሳትም የቅጂዎቹን ዝምድና በመስመር አሳየ። በ1831 ካርል ጹምፕት በኪኬሮ ሥራ ላይ «ስቴማ» የሚለውን ስም ሰጠው። በ1832 ሪችል፣ በ1833 የዴንማርኩ ማድቪግ ተከተሉ። «በስሕተት መጋራት ዝምድና ይታወቃል» የሚለው ሕግ ደግሞ እጥር ምጥን ባለ መልኩ የተጻፈው በ1927 በፓውል ማስ ነው። ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ቲምፓናሮ በ1963 ይህን ሁሉ ፈትሾ «የላኽማን ዘዴ» የብዙ ሰው እጅ ያለበት መሆኑን አሳይቷል።

የወይራ ብዕር

ታዲያ ለሰውየው ምን ተረፈለት?

ሰባት ቅጠል

ሁለት ነገር። አንደኛው እምቢታው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አሳታሚ ባመዛኙ አስቀድሞ የታተመውን መጽሐፍ ይዞ እዚህም እዚያም ከቅጂ እየለቀመ ያርም ነበር። ላኽማን «የታተመው ምስክር አይደለም፤ ከቅጂዎቹ እንጀምር» አለ። ቅጂዎቹ የሚመሰክሩትን መለየት አንድ ሥራ፣ ያንን መዝኖ ማረም ሌላ ሥራ፤ ሁለቱ እንዳይደባለቁ አጥብቆ ያዘ።

ሁለተኛው፣ የጠፋን ቅጂ ከልጆቹ ተነስቶ መልኩን ማስላት። ይህ በ1850 ሉክሬቲየስ ላይ የሠራው ነው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ ለብቻው የሚደነቀውም እሱ ይመስለኛል።

ጥራዝ 8

የሉክሬቲየሱን ስሌት እኔ ልዘርዝር፤ ብዙ ቦታ «302 ገጽ፣ 26 መስመር» ተብሎ ይታለፋልና።

ዋናዎቹ ምስክሮች በላይደን የሚገኙ ሁለት የ9ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎች ናቸው። አንዱ ቁመቱ ረዘም ስለሚል ኦብሎንጉስ፣ ሌላው አራት ማዕዘን ስለሚመስል ኳድራቱስ ይባላል። ኮፐንሀገንና ቪየና የተበታተኑ የሌላ ቅጂ ቁራጮችም አሉ፤ እነሱ ከኳድራቱስ ጋር ይሄዳሉ።

በኦብሎንጉስ ግጥሙ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይሄዳል። በኳድራቱስ ግን አራት ክፍሎች ከቦታቸው ጠፍተው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው፦ መጽሐፍ 2 ከ757 እስከ 806፣ መጽሐፍ 5 ከ928 እስከ 979፣ መጽሐፍ 1 ከ734 እስከ 785፣ መጽሐፍ 2 ከ253 እስከ 304። መስመሮቹን ቁጠሩ። ሦስቱ 52፣ 52፣ 52 ይመጣሉ፤ አንዱ ብቻ 50።

አጋጣሚ እንዲህ አይገጥምም። 52 መስመር የአንድ ቅጠል ልክ ነው፤ ፊቱ 26፣ ጀርባው 26። ኦብሎንጉስ ሲገለበጥ የጠፋው እናት ቅጂ ቅጠሎች በቦታቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ አራት ቅጠል ከስፌቱ ወጥቶ ወደቀ፤ አንድ ሰው አንስቶ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሻጠው። የኳድራቱስ ወገን የተገለበጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ገልባጩ ያገኘውን እንዳገኘው ጻፈ።

የወይራ ብዕር

50 የሆነው አንዱስ? ለሕጉ የማይመች ሲመጣ ይታለፋል እንዴ?

ጥራዝ 8

አይታለፍም፤ ጥያቄው የተገባ ነው። በቅጂው ውስጥ ግጥሙ መሐል ለመሐል ንኡሳን ርእሶች ገብተዋል፤ ርእስም መስመር ይይዛል። 50 ግጥምና 2 መስመር ርእስ 52 ይሞላል። ሌላው ማረጋገጫ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። በመጽሐፍ 2 አንዱ ቅጠል 304 ላይ ያልቃል፤ ሌላው 757 ላይ ይጀምራል። መካከሉ 452 ግጥም ነው። 9 ቅጠል 468 መስመር ይይዛል፤ የተረፈው 16 መስመር ለርእሶቹ ነው። በዚሁ መንገድ ሲቆጠር የወደቁት 16ኛው፣ 29ኛው፣ 39ኛውና 115ኛው ቅጠል ሆነው ይገኛሉ። መጽሐፉ በጠቅላላው 151 ቅጠል፣ ማለት 302 ገጽ።

302ን በ26 ብታበዛ 7852 ይሆናል፤ ግጥሙ 7400 ገደማ ነው። ልዩነቱን ርእሶችና የየመጽሐፉ ማውጫ ይወስዱታል።

ዘአንድምታ

ስሌቱ እውነት ነው፤ ግን ላኽማን ከስሌቱ አልፎ የተናገራቸው ሁሉ አልጸኑለትም። እናት ቅጂው በጥንት የሮማ ትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው ያለው በስሕተቶቹ ተመርቶ ነበር። በዚያ አጻጻፍ የ«ኢ»፣ የ«ቲ»፣ የ«ኤል»፣ የ«ኤፍ» ምልክቶች አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ስለሚመስሉ አንዱ ባንዱ ይተካል። ኋላ የመጡት ግን በትንንሽ ፊደል አጻጻፍ ብቻ የሚፈጠሩ ስሕተቶችንም አገኙ። በጥንቱ ቅጂና በ9ኛው ክፍለ ዘመን ልጆቹ መካከል ሌላ ቅጂ መኖር አለበት ማለት ነው። የስሕተቱ ዓይነት የአያትየውን ፊደል ሊያሳይ ይችላል፤ ለመጨረሻዋ እናት ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ ነው ችግሩ።

ፖጆ የተባለው ጣሊያናዊ ቅጂ ፈላጊ በ1417 ሉክሬቲየስን ካገኘ በኋላ ጣሊያን ውስጥ የተባዙትን ቅጂዎችም እንደ ሦስተኛ የተለየ ምስክር ቆጥሯቸው ነበር። ዛሬ የሚያመዝነው ከኦብሎንጉስ ወረዱ የሚለው ነው። ሦስት ድምፅ የነበረው ሁለት ሆነ። ለሥራው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ሁለት ለአንድ የሚባል ነገር ቀረ።

ሐመረ ብራና

ካነሳችሁት አይቀር ድካሙም ይጻፍ። ካቱሉስን በ1829 ያሳተመው በርሊን እጁ ላይ በነበሩ ሁለት የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎች ተመርኩዞ ነው። የኦክስፎርዱና የፓሪሱ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎች ዋጋቸው የታወቀው እሱ ከሞተ በኋላ፣ የሮማው ደግሞ የተገኘው በ1896 ነው። ሰውየው የቱንም ያህል ቢጠበብ የጎደለውን ምስክር ከጭንቅላቱ አያወጣውም። በፕሮፔርቲየስ ላይም የኔፕልሱን ቅጂ አሳንሶ የግሮኒንገኑን አስቀደመ፤ በዛሬው ሚዛን ተገላቢጦሽ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ቅኔ መቁረጡ ነው። ኒቤሉንገንን 20 መዝሙር፣ ኢሊያድን 18 መዝሙር አድርጎ ከፋፈለ፤ በኒቤሉንገን የየመዝሙሩ አንቀጽ በ7 መካፈል አለበት ብሎም የማይካፈለውን «ኋላ የገባ» እያለ አወጣ። በ52 ያሸነፈው ሰው በ7 ተሸነፈ።

ነገረ ብራና

መጨረሻዋን አረፍተ ነገር ወደድኳት! ልዩነቱ ግን ይሰመርበት። 52 ከቅጂው የተገኘ ቁጥር ነው፤ ገልባጩ ሳያውቅ ትቶት የሄደ ዱካ። 7 ላኽማን ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው።

ዘአንድምታ

ስለ ሐዲስ ኪዳኑ ማንም አልተናገረም። በ1831 ያወጣው ትንሽ መጽሐፍ ከኤራስመስ 1516 ኅትመት የመነጨውን «ቅቡል ንባብ» ሙሉ በሙሉ ትቶ ከጥንት ምስክሮች ብቻ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ነው። ልብ በሉ፣ «ሐዋርያት የጻፉትን መለስኩ» አላለም። ግቡ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአብያተ ክርስቲያናት ይነበብ የነበረውን ማግኘት ብቻ ነበር። ለዚህ የምሥራቅና የምዕራብ ምስክሮችን፣ ማለት ጥንታዊ የግሪክ ቅጂዎችን፣ የጥንት ላቲኑን፣ ሄሮኒሞስን፣ ኦሪጀንን አመሳከረ። ቅቡሉን ንባብ የለመደው ዘመን ቁጣውን አወረደበት። መሣሪያውም ገና ጎዶሎ ነበር፤ የሲና ቅጂ የተባለው ለዓለም ከመታተሙ በፊት ነው የሞተው።

በእኛም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 ሮም ላይ ያሳተሙት የግእዝ ሐዲስ ኪዳን በ1657 በለንደኑ የብዙ ልሳን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተደገመ፤ ለምዕራባውያን ለረጅም ጊዜ «የግእዙ ንባብ» ማለት እሱ ሆነ። ቀድሞ ስለታተመ እንጂ በቅጂ ተመዝኖ አይደለም።

የወይራ ብዕር

ወደ ተግባር እንምጣ። አምስት ስድስት የገድል ቅጂ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ለግእዝስ ይሠራል?

ጥራዝ 8

ይሠራል። ፓዎሎ ማራሲኒ በ1981 ገድለ ዮሐንስ ምሥራቃዊን በዚህ መንገድ አሳትመዋል፤ ከእሳቸው ወዲህ መንገዱ በግእዝ ጥናት ቀጥሏል። አካሄዱ በአጭሩ፦

መጀመሪያ ያለውን ቅጂ ሁሉ መሰብሰብ፤ ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተነሱትን ማይክሮፊልሞች ጨምሮ። ለየቅጂው መለያ ፊደል ይሰጠዋል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ። ከዚያ አንዱን ለማስተያያ መሠረት መያዝ። ለዚህ የሚመረጠው ሙሉና ጥርት ብሎ የሚነበበው ነው፤ «ምርጡ» አይደለም፣ ምርጡ ገና አልታወቀም። ቅጂው ብዙ ከሆነ ለሙከራ ከመጀመሪያ፣ ከመሐልና ከመጨረሻ ክፍል መውሰድ ነው። ከመጀመሪያው ብቻ መውሰድ ያስታል፤ ገልባጭ መሐል ላይ የሚገለብጥበትን መጽሐፍ ሊለውጥ ይችላል።

ከዚያ ማጣራት። ልዩነቱ ሁሉ እኩል አይደለም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ መለዋወጥ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለዝምድና ምስክር አይሆኑም፤ ማንም ገልባጭ በራሱ ጊዜ ያደርገዋል። «ሠረቀ ፀሐይ» የሚለው «ሰረቀ» ተብሎ ቢገኝ ፀሐይቱ ሌባ ሆነች፤ ግን ሁለት ቅጂ ይህን ቢጋሩ ዘመድ ናቸው አይባልም። የ«ወ» መግባትና መውጣት፣ የቃላት ቅደም ተከተል፣ «ይቤ» እና «ይቤሎ» እንዲሁ። በተመሳሳይ ቃል ላይ ዘሎ አንድ መስመር መሳትም ብቻውን ደካማ ነው፤ ሁለት ሰው ተለያይተው ሊዘሉ ይችላሉ።

የሚያስተማምነው ምንድን ነው? አስተዋይ ገልባጭ በራሱ ሊያቃናው የማይችለው፣ ሁለት ሰውም ተለያይተው የማይሠሩት ስሕተት። ለምሳሌ የቅጠል መፋለስ፣ ትርጉም የሚያቋርጥ ረጅም ጉድለት፣ የሰው ወይም የቦታ ስም ወደ ሌላ ቃል መለወጡ። ለ እና ሐ እንዲህ ያለውን ከተጋሩ አንድ እናት አላቸው።

እዚህ ላይ ነው ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው፦ በትክክለኛ ንባብ መስማማት ዝምድናን አያሳይም። ሁለት ተማሪ ትክክለኛ መልስ ቢጽፉ ተኮራረጁ አይባልም፤ አንድ ዓይነት እንግዳ ስሕተት ቢጽፉ ግን ይጠረጠራሉ።

ቀጥሎ መቀነስ። መ የተባለው የሐን ስሕተት ሁሉ ይዞ የራሱንም ከጨመረ፣ ሐ ደግሞ በዕድሜ ከቀደመ፣ መ የሐ ቅጂ ነው፤ ከምስክርነት ይወጣል። ሐ የተቀደደበት ቦታ ካለ ግን ለዚያ ቦታ ብቻ ይመለሳል።

የተረፉት ሦስት ወገን ከሆኑ ሁለቱ የተስማሙበት የእናት ቅጂው ንባብ ነው። የሚቆጠረው ወገን እንጂ ቅጂ አይደለም፤ ከአንድ እናት የወረዱ አሥር ቅጂዎች አንድ ድምፅ አላቸው። ወገኑ ሁለት ከሆነ ፍርዱ የአሳታሚው ነው፤ የትኛው ንባብ ሌላውን ሊወልድ እንደሚችል መጠየቅ። የተገኘው የእናት ቅጂው ንባብ እንጂ የደራሲው አይደለም። እናት ቅጂው ራሱ ከተሳሳተ እርማት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ግርጌ ላይ ከነምክንያቱ ይጻፋል።

ዘአንድምታ

ወንድሜ፣ በወረቀት ያምራል። የእኛ መጽሐፍ ግን ከአንድ እናት ብቻ አይወለድም። ቁም ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ መምህሩ ሌላ መጽሐፍ ይዞ ያርመዋል፤ ይፋቃል፣ በላዩ ይጻፋል። የአንድምታ መምህራን «አብነት» እያሉ የሌላውን መጽሐፍ ንባብ በቃል ይዘው ያወርዳሉ፤ ገልባጩ ከፊቱ ያለውን ትቶ በቃሉ የያዘውን ሊጽፍ ይችላል። ወንጌልማ በኋላ ዘመን ከዐረብኛ ጋር እየተስተያየ ታርሟል። እንዲህ ላለ ዝንቅ ማስ ራሱ መድኃኒት እንደሌለው ተናግሯል።

የፈረንሳዩ ቤዲየም በ1928 የታዘበው አለ፦ ከመረመራቸው 110 የዘር ሐረጎች 105ቱ ሁለት ወገን ብቻ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ተፈጥሮ እንዲህ መንታ አትወድም። አሳታሚው የመምረጥ ነፃነቱ እንዳይነጠቅ ሳያውቀው ሦስተኛውን ወገን ያጠፋዋል ማለት ነው። ቤዲየ አንድ ጥሩ ቅጂ መርጦ እሱን ማተም ይሻላል አለ።

ሰባት ቅጠል

በሄኖክ መጽሐፍ ሁለቱም መንገድ ተሞክሯል። ዲልማን በ1851፣ ላኽማን በሞተበት ዓመት፣ በአምስት ቅጂ አሳተመው። ቻርልስ በ1906 ሃያ ሦስት ቅጂ በሁለት ወገን ከፍሎ አስተያየ። ኒብ በ1978 ደግሞ አንድ የማንቸስተር ቅጂ እንዳለ አትሞ የሌሎቹን ልዩነት ግርጌ አሰፈረ። አንዱን ቅጂ ማተም ሐቀኝነት አለው፤ የሆነ ሰው በሆነ ዘመን በእርግጥ ያነበበው ጽሑፍ ነውና። ግልጽ ስሕተቱንም አብሮ ማተም ግን ግድ ይሆናል፤ አለዚያ ማረም ትጀምራለህ፣ ማረም ከጀመርክ ደግሞ በምን መለኪያ?

ዝንቁን በተመለከተ ግን ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። አራሚ የሚያመጣው የሚታየውን ነው፤ የተሻለ ቃል፣ የጎደለ ዐረፍተ ነገር። የማይታየውን፣ ለምሳሌ የተፋለሰ ቅጠልን፣ ትርጉም እስካልተናጋ ድረስ እንዳለ ይተወዋል። ዝንቅ በበዛበት ድርሳን ዝምድናን ከቃል ሳይሆን ከቅርጽ ፈልግ።

ሐመረ ብራና

እሱን በቁጥር ላሳይ፤ የላኽማን ስሌት ለግእዝ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። የተለመደው ጥራዝ አራት ድርብ ብራና ተደራርቦ ከመሐል የታጠፈ ነው፤ ስምንት ቅጠል ይሆናል። 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5 ጋር አንድ ቆዳ ናቸው። ገጹ ሁለት ዓምድ፣ ዓምዱ 20 መስመር ቢሆን አንድ ቅጠል 80 መስመር ይይዛል። በመስመር 12 ፊደል ብትይዝ 960 ፊደል።

3 እና 6ን የያዘው ብራና ከወደቀ ከዚያ የተገለበጠው ልጅ ሁለት ጉድለት ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ 960 ገደማ፣ በመካከላቸው 1920 የሚሆን ደኅና ጽሑፍ። ልጁ ላይ የብራና መቀደድ አይታይም፤ ዐረፍተ ነገሩ መስመር መሐል ላይ ተቆርጦ በሌላ ይቀጥላል። የመሐሉ ብራና ተገልብጦ ከተሰፋ ደግሞ ምንም አይጎድልም፤ 5ኛው ከ4ኛው ቀድሞ ይነበባል። ሁለት ቅጂ በአንድ ቦታ እንዲህ ተፋልሰው ካገኘህ፣ የቃላቸው ልዩነት የቱንም ያህል ቢበዛ፣ የተሰፉበት ክር የእናታቸው ነው። ፊደል ስትቆጥር ግን የነጥቦቹንና የቀይ ቀለም ርእሶችን ቦታ አትርሳ፤ 960ው 900 ወይም 1000 ሆኖ የሚመጣው በእነሱ ነው።